ኢዶሳ ይወጣል

አባቴ የሚወጣበትን ቀን እንደ እንቁጣጣሽ ነበር የጠበቅሁት። ቀይ ቀሚሴን ከሣጥን አውጥቼ ከትራሴ ሥር አደረግሁት። ተረከዜን በድንጋይ አሸሁ። ሲያየኝ ምን እንደምለው እንኳ ላማችን ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ። መልኩን አላውቀውም፤ ሲወስዱት ገና ድክ ድክ የምል ነበርሁ። ስሙን ግን አውቃለሁ፤ ኢዶሳ ሰቦቃ። የት ሄደ ስል ታስሯል ይሉኛል። የታሰረ ሰው አንድ ቀን ይወጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ታውቃለች?

ያኔ የምንኖረው ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ ኮተቤ ከሚወርድበት ተዳፋት ላይ ነው። ከደጃችን ሆነን ቁልቁል ስናይ የኮተቤ መንገድ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታየናል። ከበላያችን ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ዛፉ መሐል ግን ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ሳይመጣ የነበሩ ጥቂት ያረጁ ጽዶች አሉ፤ ከሥራቸው ድንጋይ ተከምሯል። የአያቴ የሰቦቃ አባቶች እዚያ ተኝተዋል። አያቴ ወደዚያ ሲወጣ ባርኔጣውን አውልቆ በኦሮምኛ ያዋራቸዋል።

የመሬቱን ነገር በወጉ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ተዳፋቱ ከጥንት የአያቴ ወገኖች ነበር። በቅድመ አያቴ ዘመን አንድ ጌታ በገመድ አስለክቶ ወሰደውና ሰዎቹን በገዛ አባቶቻቸው መቃብር ላይ ጭሰኛ አደረጋቸው። ጌታው ባሕር ዛፍ ተከለ፤ ጎተራ ሠራ፤ እህል የሚያስገብርለት ወኪል ሾመ። የመጨረሻው ወኪል ሣህሌ ይባላል። አብዮቱ መጥቶ መሬት ላራሹ ሲባል ጌታው ተሰደደ። ሣህሌ ግን አልተሰደደም። ካቦርቱን አውልቆ ካኪ ለበሰና ከበላይ ለመጡት ሰዎች እኔም ጭሰኛ ነበርሁ አላቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ማን ይናገር? የተናገረው አባቴ ብቻ ነው። በስብሰባ መሐል ተነሥቶ፣ ትናንት በጌታው ስም ያስገበረን ሰው ዛሬ በአብዮቱ ስም ሊያስገብረን አይገባም፤ ተዳፋቱ ለአባቶቻችን ልጆች ይመለስ አለ። ይኸ የሆነው በሰባ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው፤ አናርኪስት የሚባለው ስም እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው በሚጋባበት ወራት። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ሣር ከሚያጭድበት መጥተው ወሰዱት። ማጭዱ እዚያው ቀረ።

እኔ ይኸን ሁሉ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ጋሼ ሣህሌ ከረሜላ የሚሰጡኝ ደግ ሰው መሆናቸውን ነው።

እናቴ፣ የማርያምወርቅ፣ እሳቸው ቤት ነበር የምትሠራው። ቤቱ ከተዳፋቱ ራስ ላይ ያለው የጌታው ጎተራ ነው፤ በመሐሉ ግድግዳ አቁመውለት መኖሪያ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት አስከትላኝ ትወጣለች። ላሞቻቸውን ታልባለች፤ በረቱን ትጠርጋለች፤ በበጋ ግድግዳውን በጭቃ ትለቀልቃለች። ጋሼ ሣህሌ ከስብሰባ ሲመለሱ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ታስታጥባቸዋለች፤ ውሃው እንዳይቀዘቅዝባቸው ለብ አድርጋ ነው። ሚስታቸው እትዬ ወርቄ ዳቦ ቆርሰው ይሰጡኛል። እኔ ዘመዶቻችን ይመስሉኝ ነበር። እናቴ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ከኛ ቤት የበለጠ ፈገግ ስለምትል፣ እነሱን የምትወድ ይመስለኛል። አያቴ ማታ ስንገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እኔም ዕድሜው ነው እላለሁ።

ካደግሁ በኋላ እንዴት ቻልሽው ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ከሩቅ የሚጠላ ሰው የሚያቃጥለው ራሱን ነው» አለችኝ። «እኔ ቤቱን እስከ ምሰሶው ማወቅ ፈለግሁ።»

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠነክር ቀያሾች መጡ። ሦስት እግር ያለው መነጽር፣ የብረት ሰንሰለት፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ይዘው ነበር። ፀሐይ የላጠችው ፈረንጅም አብሯቸው አለ። የቀያሾቹ አለቃ ነጅመዲን ይባላል፤ የከተማ ሰው ነው፤ በከሳ ፊቱ ላይ ዐይኑ ብቻ የሚስቅ። በመነጽሩ እንዳይ ፈቀደልኝ። አጮልቄ ሳይ ዓለም ተገልብጣለች፤ ባሕር ዛፉ ቁልቁል በቅሏል፣ ጋሼ ሣህሌም ደጃቸው ላይ እግራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ተሰቅለዋል። ሳቅሁ። ነጅመዲን መነጽሩ እንዲህ ነው፤ እኛ ለምደነዋል አለኝ።

ምን ልትሠሩ ነው ስለው የጋዝ ቧንቧ አለኝ። ከባሕር ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል መጥቶ፣ በሰሜን በኩል በኛ ተራራ ላይ አልፎ ከተማ ይገባል፤ ገና ሐሳብ ነው፣ ጥናት ነው። እኔ ጋዝ የማውቀው ለኩራዝ የምገዛውን ነው። ጠርሙስ ይዤ ኮተቤ ድረስ መውረድ ሊቀርልኝ፣ ላምባው በራሱ ጊዜ በየቤታችን ሊፈስ እንደሆነ ገባኝ። ሰው ለምን በደስታ እንደማይጨፍር ግን ግራ አጋባኝ።

መስመሩ ሁለት ነበር። የታችኛው በወንዙ ዳር ያልፋል። የላይኛው ከጽዶቹ አጠገብ ተነሥቶ፣ ከጎተራው በታች ባለው ጎድጓዳ አድርጎ ባሕር ዛፉን ይሰነጥቃል። ፈረንጁ የወደደው የላይኛውን ነው። አያቴ ይኸን ሲሰማ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ችካሎቹን እየነቀለ ቁልቁል ወረወራቸው። ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ሊታሰር ነው አለ። ነጅመዲን ግን መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለና «አባቴ» ብሎ ጠራው። ኮሚቴ እንደሚመጣ፣ የድሮ ይዞታ አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲናገር መታሰቡን ነገረው። አያቴ ለዚያ ቀን ሲል ችካሎቹን ተዋቸው።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሣህሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤታችን መጡ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከሰቦቃ ጎን እንደሚቆሙ ነገሩን። የአባቶች አፅም አይነካም፤ ቧንቧው በታች ይሂድ፤ ይኸን ለኮሚቴው እኔው ራሴ እናገራለሁ አሉ። አያቴ ጥርሱን ነክሶ እግዜር ይስጥልኝ አላቸው። እኔ ሁለቱ ሲስማሙ በማየቴ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ጥግ ቆማ የጋሼ ሣህሌን እጅ ነበር የምታየው። ጣቶቻቸው የባርኔጣውን ጠርዝ ያለ ዕረፍት ይቆነጥሩ ነበር።

በማግስቱ ላምባ ልንገዛ ኮተቤ ወረድን። ሱቁ የሱልጣና ነው፤ የእናቴ ብቸኛ ጓደኛ። ባሏ ሾፌር ስለሆነ የከተማውን ወሬ ሁሉ ታውቃለች፤ ቀያሾቹም ሲጋራ የሚገዙት ከሷ ነው። እኔ ማንቆርቆሪያውን ከጠርሙሴ አፍ ላይ ይዤ ስቆም ሁለቱ በዝቅተኛ ድምፅ ያወሩ ነበር። ሱልጣና አፈሩን ለማየት በየችካሉ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ጉድጓድ እንደሚቆፍሩ ነገረቻት። ከዚያ እናቴን በግልጽ ሰማኋት፤

«ከጎተራው በታች ከቆፈሩ ኢዶሳ ይወጣል።»

ሱልጣና እጇን ያዘቻት። «አላህ ያውጣው» አለች።

ላምባው በእጄ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልተቆጣኝም። ዳገቱን ስንወጣ የእናቴን ፊት አያለሁ፤ ፊቷ ምንም አይልም። ምስጢሯ መሆኑ ገባኝና እኔም ምስጢሬ አደረግሁት። ቧንቧው ከመጣ አባቴ ይፈታል። መንግሥት ቧንቧ ሲያስገባ እስረኛ ይፈታ ይሆናል፤ እንጃ፣ በሕፃን ልብ ይኸ ምኑም አይከብድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ ጠላቴ ሆነ። እሱ የሞቱ አባቶቹን ይጠብቃል፤ እኔ በሕይወት ያለውን አባቴን እጠብቃለሁ። ጽዶቹ ሥር ሲያወራ ከሩቅ እያየሁ፣ አባቶቹ ዝም ባሉት እላለሁ።

ኮሚቴው እሑድ መጣ። ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ጠረጴዛ አውጥተው ቀይ ጨርቅ አለበሱት። ሰብሳቢው ጓድ ገበየሁ ይባላሉ፤ ከከተማ የመጡ፣ ካኪያቸው ተተኩሶ ስለት ያወጣ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። ፈረንጁ ከጎናቸው፣ ነጅመዲን ካርታውን ይዞ ከኋላቸው። ሕዝቡ ሣር ላይ ተቀመጠ።

አያቴ ተነሥቶ አባቶቹን ቆጠረ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ፣ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ። ወሰኑን በምንጭ፣ በድንጋይ፣ በዛፍ ጠራ። ሲጨርስ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ጓድ ገበየሁ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን በትሕትና አስታወሱት፤ የሚያስረዳ ነገር አለዎት ወይ አሉት። አያቴ ወደ ጽዶቹ ጠቆመ። ጋሼ ሣህሌ ብድግ ብለው፣ ሽማግሌው እውነት ነው የተናገሩት፤ የላይኛው ተዳፋት ከጎድጓዳው ጭምር የሰፊው ሕዝብ መቃብር ነው፤ ማኅበሩ የታችኛውን መስመር ይደግፋል አሉ። ሰው አጉረመረመ፤ ነገሩ ወደ ታች ሊያዘነብል መሆኑ ለእኔ እንኳ ታየኝ። አባቴ ሊቀር ነው።

ያኔ እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የጋሼ ሣህሌን እጅ ስታስታጥብ የምታወጣውን ያንን ለስላሳ ድምፅ አወጣች።

«እኔ የኢዶሳ ሚስት ነኝ። ስለዚህ መሬት ከጋሼ ሣህሌ በላይ የሚያውቅ የለምና እሳቸውን ስሟቸው። በጌታው ዘመን በበቅሎ ሆነው እህላችንን ሲያስለኩ አንዲት ቁና አታመልጣቸውም ነበር። ጌታው ከሰው ሁሉ የሚያምኑት እሳቸውን ነው። ደግሞም ቢታመኑ ይገባቸዋል። ጌታው ሲሰደዱ አደራ ያሏቸውን ጠመንጃ እስከ ዛሬ ድረስ ከእህል ጎታው ጀርባ፣ ግድግዳ ውስጥ አኑረውላቸዋል፤ ዘይት እንኳ አይለየውም። ግድግዳውን የምለቀልቅ እኔ ነኝና አየሁ። ሰው አደራ በሚበላበት ዘመን እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ ከየት ይገኛል?»

ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ዞሮ ጋሼ ሣህሌን አየ። እናቴ አልጨረሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የአማቴ አባቶች ያሉት ከጽዶቹ ሥር ነው፤ እሱ ይከበርልን። ከጎተራው በታች ያለው ጎድጓዳ ግን የማንም አባት መቃብር የለበትም። ጋሼ ሣህሌ ለምን እንደሚሳሱለት እንጃ። እዚያ ይቆፈር።»

ተቀመጠች። እኔ በኩራት ልፈነዳ ነበር። እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጋሼ ሣህሌን አመሰገነቻቸው፤ እሳቸውም ተደስተው አባቴን ያስፈቱልናል። ጋሼ ሣህሌ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ጓድ ገበየሁ ድምፃቸውን ሳይለውጡ የትኛው ግድግዳ ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው። ሁለት ታጣቂዎች ወጥተው፣ በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ምንሽር ይዘው ተመለሱ። ሲፈቱት በፀሐይ አብረቀረቀ፤ የእውነትም ዘይት አልተለየውም። ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ጋሼ ሣህሌን መኪና ውስጥ አስገቧቸው፤ ከፊት ታጣቂ፣ ከጎን ታጣቂ። እኔ በዕድሜዬ መኪና ውስጥ ገብቼ ስለማላውቅ ቀናሁባቸው። ለሹመት የሚወስዷቸው መሰለኝ። እጄን አወዛወዝሁላቸው፤ እሳቸው ግን እናቴን ነበር የሚያዩት። እናቴ ባለችበት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው።

አያቴ ያን ማታ ከእጇ አልበላም። እሱ ያየው፣ የልጅ ልጅ የወለደችለት ምራቱ ተነሥታ የአባቶቹን ተዳፋት ለቆፋሪ ስትሰጥ ነው። የሣህሌ መያዝ እንኳ ንዴቱን አላበረደለትም። ሣህሌ በሌላ ሣህሌ ይተካል፤ መሬት ግን በምን ይተካል እያለ በኦሮምኛ ለራሱ ሲያወራ ሰማሁት። እናቴን ለምን አልነገርሽውም ነበር ብዬ በኋላ ስጠይቃት፣ ሽማግሌው ልጁን የሚመለከት ነገር በሆዱ መያዝ እንደማይችል፣ አንዲት ቃል ካመለጠችው ሣህሌ አፅሙን ሊያስነሣው እንደሚችል ነገረችኝ።

ኮሚቴው የላይኛውን መስመር መረጠ፤ ቁፋሮው የተጀመረው ከጥቅምት ቁር በኋላ ነው። ቀይ ቀሚሴን ለብሼ ከሁሉ በፊት ደረስሁ። ቆፋሪዎቹ ጎድጓዳው ውስጥ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ከቦ ወደ ጉድጓዱ ያያል። እኔ ግን ጀርባዬን ለጉድጓዱ ሰጥቼ ወደ መንገዱ ነበር የማየው። እስረኛ የሚመጣው በመንገድ ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚወርዱትን ሰዎች እያየሁ፣ ያ ረጅሙ ይሆን፣ ያ ኮት የለበሰው ይሆን እላለሁ።

ከኋላዬ የአካፋው ድምፅ ቆመ። ነጅመዲን ቆቡን አውልቆ «ኢና ሊላሂ» ሲል ሰማሁ። ስዞር አፈሩ ላይ እንደ ማገዶ የደረቀ ነገር አየሁ፤ የፕላስቲክ ጫማ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ሌላም፣ ሌላም። አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሴቶች እዚህም እዚያም ጮኹ፤ የጫማውን ቀለም ያወቀች አለች፣ ሹራቡን ያወቀች አለች። እናቴ አልጮኸችም። ወደ ጉድጓዱ ወርዳ በእጇ አፈሩን እየጠረገች ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። ከዚያ ቀና ብላ አያቴን ጠራችው።

«አባቴ፣ ይምጡ። ልጅዎ ይኸው።»

አያቴ ወረደ። አጥንቱ ላይ የመዳብ አምባር ነበር፤ አያቴ ልጁ ጎልማሳ ሲሆን በእጁ ያጠለቀለት። ተንበርክኮ አምባሩን በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ የእናቴን የቆሸሸ እጅ ይዞ ሳመው። አማት የምራቱን እጅ ሲስም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እኔ ነጅመዲንን እጅጌውን ጎትቼ አባቴ መቼ ነው የሚወጣው አልሁት። ቆቡን በእጁ አዟዟረ። እናቴ ሰምታኝ ነበር። ከጉድጓዱ ወጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ዐይኔን አልሸፈነችም።

«ወጥቷል» አለችኝ። «ይኸው።»

ነገሩን በኋላ በሙሉ ነገረችኝ። እሱና ሌሎቹ የታሰሩት ከጎተራው ውስጥ ነበር። እናቴ እዚያ ቤት መሥራት ስትጀምር፣ እትዬ ወርቄ ጥጃውን ወደ ጎድጓዳው እንዳትሰጂው፤ ቦታው ከባድ ነው አሏት። ክረምት ሲመጣ የጎድጓዳው መሬት ሰመጥ አለ፤ ሣሩም ከሌላው ሣር ይልቅ ጠቆረ። ሣህሌ ወደ በረቱ ሲሄድ ዙሪያውን ዞሮ እንጂ በዚያ አያቋርጥም። እናቴ ዓመት ከዓመት በየዕለቱ አጠገቡ ቆማ ወተት አለበች። በእጇ ብትቆፍር ከጎኑ እንደሚጨምሯት ታውቃለች። መንግሥት ራሱ እስኪቆፍርላት ጠበቀች።

ጓድ ገበየሁ ነገሩን ሁሉ በሣህሌ ላይ ደፈደፉት። የጌታውን ጠመንጃ የደበቀ አድኃሪ፣ አብዮቱን ተገን አድርጎ ጭቁን ገበሬዎችን ፈጀ ተባለ። ትእዛዙ ከላይ እንደመጣ፣ ሣህሌ ስም እንዳቀበለና ጎተራውን እንደከፈተ፣ የተኮሱት ሌሎች እንደነበሩ የማያውቅ አልነበረም። እናቴም ታውቃለች። «ግማሽ እውነት ነው፤ ቢሆንም የነከሰው እኔ የፈለግሁትን ነው» ትላለች።

አያቴ አባቴን ከጽዶቹ ሥር ቀበረው። ቄሱም ወጥተው ፈቱት። አፈሩ ሲመለስ አያቴ ለቆሙት ሁሉ እንዲህ አለ፤ «እስከ ዛሬ መሬቱ የኛ ነው ስል አባቶቼን ነበር የምቆጥረው። ከእንግዲህ ልጄን እቆጥራለሁ።»

ቧንቧው አልመጣም። ጦርነቱ በዛ፣ ፈረንጁ ወደ አገሩ ገባ፣ ችካሎቹንም ሴቶች ለማገዶ ነቀሏቸው። ዛሬ በተዳፋቱ ላይ ባለ ፎቅ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ ጽዶቹ ያሉበትን ቁራሽ ግን እስካሁን የደፈረ የለም። እኔ ኮተቤ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። በሰንበት ወደ ጽዶቹ እወጣለሁ።

ደርግ ሲወድቅ የእስር ቤቶች በር ተከፈተ። ሣህሌ ወጣ። ሸምግሎ፣ አንድ ዐይኑ ፈስሶ፣ እትዬ ወርቄ የተከራዩለት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባ። እኔ ያኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሼ ነበር፤ ሁሉን አውቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌዎች ልኮ፣ የማርያምወርቅ ይቅር ትበለኝ አለ። እናቴ ራሱ ይምጣ አለቻቸው።

ጠዋት መጣ። በወጉ መሠረት ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ከደጃችን ጎንበስ ብሎ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ከጎኑ፣ ጎረቤቱ ከአጥር ውጭ። አያቴ ያኔ በሕይወት አልነበረም። እናቴ በርጩማ አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ ቆምሁ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። ደም በውሃ ይታጠባል፤ ሁላችንም ሟች ነን፤ እሱም ታስሮ ተቀጥቷል አሉ። እናቴ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ምን እንዳደረገ በራሱ አፍ ይናገር፤ ማን መጥቶ ጠየቀው፣ የኢዶሳን ስም ለማን ሰጠ፣ በሩን ማን ከፈተ፣ ያን ዕለት ኢዶሳ ምን አለ።

ሣህሌ ቀና ሳይል፣ «ዘመኑ ነው» አለ። «እኔ ምን ነበርሁ፤ ዘመኑ ነው ያደረገው።»

እናቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ሰምታችኋል» አለች። «ይኸ ሰው ምንም አላደረገኝም። የበደለኝ ዘመኑ ነው። እንግዲያው ዘመኑን አምጡልኝና እታረቀዋለሁ።»

በርጩማዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች።

ድንጋዩን አውርድ የሚለው ተበዳዩ ነው። ሌላ ሰው ሊለው አይችልም፤ ሽማግሌም ቢሆን። ሣህሌ ድንጋዩን እንደተሸከመ በቀረችው ዐይኑ ወደ እኔ አየ፤ ሽማግሌዎቹም ወደ እኔ አዩ። የኢዶሳ ልጅ ነኝና ቃሉ እኔም ጋ አለ። ፀሐዩ ከፍ ብሎ ነበር። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

በሩን ዘጋሁት።